ከአመዱ በላይ

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ፌንጣ የላቦራቶሪውን በር ከፍታ ስትገባ ሁሉም ነገር በየቦታው ነበር። ከሐይቁ ዳርቻ ከአንድ ጉድጓድ፣ አንዱ ከሌላው ሥር እየተከተለ የወጡት አራቱ የጭቃ ቱቦዎች ማቀዝቀዣው ውስጥ ጎን ለጎን ተኝተዋል። እያንዳንዱ ቱቦ የአንድ ክንድ ያህል ርዝመት አለው፤ በአንደኛው ጫፉም ላይ ቀይ ቴፕ ተለጥፎበታል። ቀዩ ያለበት ጫፍ ላይኛው ነው፤ ወደ ዛሬ የሚቀርበው። ሌላኛው ጫፍ ታችኛው ነው፤ ወደ ድሮ የሚወርደው። የአክስቷ ሪፖርት ተጽፎ፣ ተፈርሞ፣ ማዘጋጃ ቤት ገብቷል። የሐይቅ ዳር ሰፈር ሰው ከስንት ጊዜ በኋላ እፎይ ብሎ እንቅልፍ ወስዶታል። የፌንጣ አባትም የሚያፈሰውን ጣሪያ ሊጠግን መሰላል ተከራይቶ ቆርቆሮ ላይ ወጥቷል።

የቀረው አንድ ሥዕል ብቻ ነበር።

«ነገ ስብሰባው ላይ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ነው፤» አለቻት አክስቷ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ እየጣለች። «አራቱንም ቱቦዎች ከላይ እስከ ታች፣ በአንድ ረጅም ወረቀት ላይ። ሕጉን ታውቂዋለሽ አይደል?»

«ያየሽውን ሳዪ፣ ያሰብሽውን አትሳዪ፤» አለች ፌንጣ በቃሏ እንዳጠናችው የክፍል ትምህርት።

«ጎበዝ። ጭቃው ሳይደርቅ ቶሎ መልሺው። እኔ አዳራሹን አይቼ በዚያው ወደ ቤት ነኝ። ቁልፉን ደግሞ እንዳትጥዪብኝ! ያለፈው ንዴቴ ገና አልበረደም።»

ፌንጣ የሚለውን ስም ያወጡላት የክፍሏ ልጆች ናቸው፤ እግሯ ረጅም፣ ወገቧ ቀጭን ስለሆነ። መጀመሪያ ተጣልታበት ነበር፤ አሁን ግን አባቷም አክስቷም በዚሁ ነው የሚጠሯት። አክስቷ የአባቷ ታናሽ እህት ናት። በሐይቁ የምርምር ጣቢያ ትሠራለች፤ ፌንጣም ከትምህርት ቤት ስትወጣ እየመጣች ብርጭቆ ታጥብላታለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፉት ሦስት ክረምቶች ዝናቡ እየበረታ፣ ሐይቁ እየሞላ መጥቶ የጀልባ ማሰሪያውን እንጨቶች እስከ ግማሻቸው ውጧቸዋል። ማዘጋጃ ቤቱ ሰፈሩን አንሥቶ ከኮረብታው ማዶ ወዳለው ሜዳ ሊወስደው ፈለገ። ሰዉ እምቢ አለ። ዓሣ አጥማጅና ጀልባ ቀዛፊ ውሃ በቦቴ በሚመጣበት ሜዳ ላይ ምን ሠርቶ ይበላል? ብዙ ከተጮኸ በኋላ ማዘጋጃ ቤቱ ለምርምር ጣቢያው አንዲት ጥያቄ ላከ፤ ሰው እዚህ ዳርቻ ከሰፈረ ወዲህ ሐይቁ ቦታውን ሸፍኖት ያውቃል ወይ? ሸፍኖት ካላወቀ መከላከያ ግንብ ተሠርቶ ሰፈሩ ይቆያል። ሸፍኖት ካወቀ ይነሣል።

ይህን የሚመልሱት በዓይን የማይታዩ ፍጥረቶች ነበሩ። ዲያቶም ይባላሉ። ውሃ ውስጥ የሚኖሩ ደቃቅ አልጌዎች ሲሆኑ፣ እያንዳንዳቸው ገላቸውን መስታወት በመሰለ ቅርፊት ይሸፍናሉ። ሲሞቱ ቅርፊቱ አይበሰብስም፤ ወደ ታች ወርዶ በጭቃው ውስጥ ይቀበራል። ጥልቅ ውሃ ላይ የሚንሳፈፉት አብዛኞቹ ክብ ናቸው። ጥልቀት በሌለው ዳርቻ ሸምበቆና ድንጋይ ላይ የሚጣበቁት ደግሞ ረዘም ያሉ፣ ጀልባ የሚመስሉ ናቸው። የሰው እጣቢና የከብት ፍግ የገባበት ውሃ ሲያገኙ የሚባዙ ሌሎች አሉ፤ አክስቷ «ጎረቤቶች» ትላቸዋለች። ስለዚህ ጭቃውን ከታች ወደ ላይ በማይክሮስኮፕ እያዩ መውጣት፣ ውሃው መቼ እንደመጣ፣ መቼ እንደሸሸ፣ ሰው መቼ እንደሰፈረ ማንበብ ነው። በዚያ ዳርቻ አንድ ሴንቲሜትር ጭቃ ለመከማቸት አሥር ዓመት ገደማ ይፈጅበታል።

አክስቷ አንብባዋለች። ሦስተኛው ቱቦ ታችኛው ክፍል ላይ ክቦቹ ሞልተዋል፤ ጥልቅ ውሃ ነበረ ማለት ነው። ከእነሱ በላይ የአመድና የከሰል መስመር፣ በመስመሩም ውስጥ ጎረቤቶቹ አሉ፤ ሰው መጣ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ እስከ ዛሬ ድረስ ክቦቹ ተመልሰው አልመጡም። ሪፖርቱ የሚለውም ይህንኑ ነው። መጀመሪያ ውሃው ሸሸ፤ ከዚያ ሰው ሰፈረ፤ ውሃውም አልተመለሰም።

የላቦራቶሪው ጠረጴዛ ጠባብ ስለሆነ የሚችለው አንድ ቱቦ ብቻ ነው። አክስቷም አንድ በአንድ እያወጣች ናሙና ስትወስድ ነው የከረመችው። ፌንጣ ግን አራቱን በአንድ ወረቀት ላይ መሳል ነበረባት። ፕላስቲክ ወለሉ ላይ አነጠፈች፤ በቁመታቸው ለሁለት የተሰነጠቁትን ቱቦዎች አወጣች፤ ቀዩን ወደ በሩ አድርጋ በተርታ ደረደረቻቸው። ተንበርክካ መሳል ጀመረች።

አንደኛውን ጨረሰች። ሁለተኛውንም ጨረሰች። የሁለተኛው ታችኛው ጫፍ ቡናማ የሸምበቆ ብስባሽ ነበር፤ ቢላዋ እንደቆረጠው ኬክ በመሃሉ ተቋርጧል። ቡናማውን እርሳስ እንደያዘች ወደ ሦስተኛው ተሻገረች። ሦስተኛው ግን በግራጫ ነበር የሚጀምረው። ቡናማ የሚባል ነገር የለውም። እርሳሷን ሳታስቀምጥ ዓይኗን ወደ ቱቦው ሌላኛው ጫፍ ሰደደች።

ቡናማው እዚያ ነበር።

«እሺ፤» አለች ለራሷ። «ይሄ ሌላ ቡናማ ሊሆን ይችላል።»

አጎንብሳ ቀረብ ብላ አየች። በቱቦው መሃል የሸምበቆ ሥር ተጋድሟል። የሞተ፣ የጠቆረ፣ ከክር ትንሽ የሚወፍር ነው። ሥር ከላይ ይወፍራል፤ ወደ ታች በወረደ ቁጥር እየቀጠነ ይበታተናል። ይህኛው ግን የሚቀጥነው ወደ ቀዩ ቴፕ ነው። ወደ ላይ፤ ወደ ሰማይ የሚያድግ ሥር።

እርሳሷን አስቀመጠች።

ቱቦዎቹ ከሐይቁ የወጡበት ቀን ትዝ አላት። እሷም አባቷ በሚቀዝፋት ጀልባ ላይ ነበረች። ነፋስ ነበር። ሦስተኛው ቱቦ ከውሃ ሲወጣ ጫፉ ረጥቦ ቴፑ አልይዝ አለ። አባቷ የተቆረጠውን ቴፕ ክንዱ ላይ ለጥፎ ቱቦውን ወለሉ ላይ አጋደመው። ወዲያው ማዕበሉ ጀልባዋን ሲያዞራት አባቷና ፌንጣ ወደ መቅዘፊያው ዘለሉ። አክስቷ ጀርባዋን ሰጥታ ገመድ ትለካ ነበር። ሲረጋጋ አባቷ ቱቦውን አንሥቶ አንዱን ጫፍ በሸሚዙ አደረቀና ቴፑን ለጠፈ። «ቀይ ወደ ላይ!» አለ እየሳቀ፤ አክስቷ ሁልጊዜ እንደምትለው ድምፅዋን አስመስሎ። ፌንጣም ስቃ ነበር።

«አንድ ምልክት ምልክት አይደለም» ትላለች አክስቷ። «ሁለተኛ ፈልጊ።» ፌንጣ ሁለተኛውን የፈለገችው እንዳይገኝ እየለመነች ነው። በጥርስ እንጨት ጫፍ ከሁለተኛው ቱቦ ግርጌ ጥቂት ጭቃ ወሰደች። ከሦስተኛው ከሁለቱም ጫፎች ወሰደች። ሦስቱንም በሦስት መስታወት ላይ በጠብታ ውሃ አቅጥና ማይክሮስኮፑ ሥር አስገባች።

የሁለተኛው ግርጌ፤ ጀልባዎች፣ በመሃላቸውም ሙዝ የመሰሉ ቆልማማ ዲያቶሞች በብዛት። የሦስተኛው ቀይ ጫፍ፤ አንድም ሙዝ የለም። መስታወቱን ወዲያ ወዲህ ብታንቀሳቅሰው፣ ብታጠራው፣ ዓይኗን ብታሻሽ የለም። የሦስተኛው ሌላኛው ጫፍ፤ ሙዝ፣ ሙዝ፣ ሙዝ።

ቱቦው የተገለበጠ ነው።

ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ ሦስተኛውን ቱቦ በሐሳቧ ዞር አደረገችውና ከታች ወደ ላይ እንደገና አነበበችው። መጀመሪያ ጀልባዎች፤ ዳርቻ። ከዚያ አመድ፣ ከሰል፣ ጎረቤቶች፤ ሰው። ከአመዱ በላይ ደግሞ ክቦቹ። ሰዎች ነበሩ፤ እሳት አንድደዋል፤ ከዚያ ዝናብ የበዛበት ዘመን መጣና ሐይቁ በምድጃቸው ላይ ተኛበት።

በሩ ሳይንኳኳ ተበረገደ።

«አንቺ! እዚህ ጭቃ ታቅፈሽ ትውያለሽ፣ ሰፈር ሠርግ ሆኗል!» የገባችው የክፍል ጓደኛዋ ናት። ጆሮዋ የገባ ነገር አፏ ውስጥ ስለማያድር ሰው ሁሉ ራዲዮ ነው የሚላት። «እናቴ የታሰረውን ዕቃ ሁሉ ፈታችው። ድስት በካርቶን ውስጥ መፈለግ ቀረ በቃ! አክስትሽ ግን አንደኛ ናት፣ ማርያምን። ምን ሆነሻል? ፊትሽ አመድ መስሏል።»

«አሞኛል።»

«የቱ ጋ?»

«ሆዴን።»

«ፈተና ሳይኖር ሆድሽን ያምሻል እንዴ?» ራዲዮ ስቃ ወለሉ ላይ ወደተደረደሩት ቱቦዎች አጎነበሰች። ፌንጣ ሳታስበው በሦስተኛው ቱቦ ላይ ፕላስቲኩን ሳበችበት። «ይሄ ነው እንግዲህ ቤታችንን ያተረፈው? ጭቃ! ልሳመው እንዴ?»

«አትንኪው!»

«ኧረ ቀስ! አልበላውም።» ራዲዮ ቅር አላት፤ ግን ለአፍታ ብቻ ነው። «ነገ ፊት ለፊት ወንበር ይዤ እጠብቅሻለሁ። እንዳትቀሪ ብቻ።»

ራዲዮ ስትወጣ ፌንጣ ቱቦዎቹን ወደ ማቀዝቀዣው መለሰች። ወረቀቱ ላይ ሦስተኛው ቱቦ መግባት የነበረበት ቦታ ነጭ ሆኖ ቀረ። ቴፑ እንደሚለው አድርጋ ልትስለው እርሳሷን ሁለት ጊዜ አንሥታ ሁለት ጊዜ አስቀመጠችው።

ቤት ስትደርስ አባቷ አፉ ውስጥ ምስማር ነክሶ ጣሪያው ጫፍ ላይ ቁጢጥ ብሏል።

«አባዬ፣ ውረድ እስቲ።»

«አንዲት ቆርቆሮ ናት የቀረችኝ።»

«አባዬ!»

ድምፅዋን ሰምቶ ወረደ። ምስማሮቹን ከአፉ አውጥቶ መዳፉ ላይ ያዛቸው። እሷም ሁሉንም ነገረችው፤ ቡናማውን፣ ሥሩን፣ ነፋሱን። ሳያቋርጣት ሰማ። ስትጨርስ ምስማሮቹን ትልቅና ትንሽ እያለ መለየት ጀመረ።

«ቴፑን የለጠፍኩት እኔ ነኝ፤» አለ።

«አዎ።»

«ነፋስ ነበር።»

«አውቃለሁ፣ አባዬ። ማንም ይሳሳት ነበር።»

«ማን አየ?»

«እኔ ብቻ።»

«አክስትሽስ?»

«አላየችም።»

አባቷ ወደ ሐይቁ ዞረ። ጀልባዋ ማሰሪያዋ ላይ ቀስ እያለች ትንቀሳቀሳለች። «አንዲት ቀጭን ሥር ናት፤» አለ። «ጠማማ ሥር የለም እንዴ? ድንጋይ ቢገጥመው ወደ ላይ የሚዞር?»

«ሙዞቹንም አይቻለሁ።»

«የምን ሙዝ?»

«ዲያቶም ናቸው። ሙዝ ይመስላሉ። እነሱም ተገልብጠዋል።»

«ሙዝ ይፍረድብኝ እንግዲህ!» ሊስቅ ሞከረ፤ ከአፉ የወጣው ግን ሳቅ አልነበረም። «ስሚኝ ልጄ። ይሄ የሺህ ዓመት ነገር ነው። ከሺህ ዓመት በፊት ለመጣ ውሃ እኔ ዛሬ ቤቴን ልልቀቅ? ሜዳው ላይ ምን ልሁን? ጀልባዋን አፈር ላይ ልቅዘፋት? ከውሃ ሌላ የማውቀው ነገር አለኝ? ንገሪኝ እስቲ፤ አለኝ?»

አባቷ እንዲህ ሲለምን ሰምታው አታውቅም። ለባለሥልጣንም፣ ለአበዳሪም፣ ለማንም። አሁን የሚለምነው እሷን ነው፤ የአሥራ አምስት ዓመት ልጁን።

«አባዬ፣» አለች በመጨረሻ፣ «ውሃው በሌሊት ቢመጣ እማማን ማን ይሸከማታል?»

«እኔ ነኛ።»

«አንተ ሐይቅ ላይ ብትሆንስ?»

እማማ የሚሏት አያቷ እግሯ ከያዛት ወዲህ አልጋዋ መስኮቱ ሥር ነው። ያኔም ድምፅዋ ከውስጥ መጣ።

«ማነው እዚያ? ይቺን መስኮት ዝጉልኝ። ዛሬ ደግሞ ውሃው ምን ሆኖ ነው ጆሮዬ ሥር የሚያንሾካሹከው?»

ፌንጣ ገብታ መስኮቱን ዘጋች፤ የአያቷን ብርድ ልብስም አስተካከለች። አልጋውን በዓይኗ ለካችው። በበሩ አይወጣም፤ ሲገባም ተፈታቶ ነው የገባው። ተመልሳ ስትወጣ አባቷ መሰላሉን ይዞ ቆሟል።

«እኔን አትጠይቂኝ፤» አለ ሳያያት። «ተናገሪ ብዬም፣ ዝም በዪ ብዬም አፌን አልከፍትም። አልችልም።»

ወደ ላይ ወጣ። ፌንጣ የመዶሻውን ድምፅ ጠበቀች። ቆይታ ቆይታ ጠበቀች። አንድም ጊዜ አልተመታም።

ቅዳሜ ጠዋት ትምህርት የለም። ልብሷን ለብሳ ስትወጣ አባቷ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ መረብ ይፈታል። ወዴት ነሽ አላላትም። እግሯን አየና በጉልበቱ አጠገብ የነበረውን ቦቲ ጫማውን ወደ እሷ ገፋ አደረገው።

«ይሄን አድርጊ፤» አለ። «ወደ ጣቢያው የሚወስደው መንገድ ጭቃ ነው።»

ቦቲው ይሰፋታል። በየእርምጃው ቷ ቷ ይላል። መታጠፊያው ላይ ራዲዮና እናቷ ወንበር ተሸክመው ወደ አዳራሹ ሲሄዱ አገኘቻቸው።

«ያን ቦቲ ከየት ሰረቅሽው?» አለች ራዲዮ። «የት ነው በዚያ ላይ? አዳራሹ በዚህ ነው!»

«አክስቴ ጋ።»

«ቶሎ በይ እንግዲህ! ወንበርሽን ማንም እንዳይወስደው ጃኬቴን ነው የማስቀምጥበት።»

ፌንጣ ጓደኛዋን ቆማ አየቻት። ሰኞ፣ ክፍል ውስጥ፣ ራዲዮ አጠገቧ ትቀመጥ እንደሆነ አሰበች። ከዚያ ማሰቡን ትታ መራመድ ጀመረች።

አክስቷ ላቦራቶሪው ውስጥ ቆማ ረጅሙን ወረቀት ይዛለች። የክት ልብሷን ለብሳለች።

«ይሄ ምንድነው? ሦስተኛው የታለ? ሰዓቱ እኮ ደርሷል፣ ፌንጣ!»

«ያየሁትን መሳል አልቻልኩም።»

«ለምን?»

ፌንጣ ማቀዝቀዣውን ከፍታ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ቱቦ አወጣች። ወለሉ ላይ ጫፍ ለጫፍ አጋደመቻቸው። ጣቷን ሥሩ ላይ አደረገች።

አክስቷ በክት ልብሷ ወለሉ ላይ ተንበረከከች። የእጅ ማጉያዋን አወጣች። ሥሩን ከወፍራሙ እስከ ቀጭኑ ተከተለችው፤ መልሳ ከቀጭኑ እስከ ወፍራሙ። ቡናማውን ጫፍ አየች።

«ሁለተኛ ምልክት?» አለች በሹክሹክታ።

«ማይክሮስኮፑ አጠገብ አለ። ሦስት መስታወት። ትናንት የሠራሁት ስለሆነ ትንሽ ውሃ ያስፈልገዋል።»

አክስቷ ሦስቱንም አየች። ከማይክሮስኮፑ ቀና ስትል ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት፣ ከዚያም ፌንጣን፣ ከዚያም ጫማዋን አየች። የወንድሟን ቦቲ ታውቀዋለች።

«ያውቃል?»

«ያውቃል።»

«ምን አለሽ?»

«መንገዱ ጭቃ ነው አለኝ።»

አክስቷ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። «እኔ ነኝ ማየት የነበረብኝ፤» አለች ከመዳፏ ውስጥ። «ቴፑን አምኜ እንጂ ጭቃውን አላየሁትም።» ከዚያ እጇን አወረደች፤ ከሦስተኛው ቱቦ ጫፍ ላይ ቀዩን ቴፕ ላጠችው። በሌላኛው ጫፍ ልትለጥፈው ስትል አልያዘላትም። ከመሳቢያው አዲስ ቆርጣ ለጠፈች። ቱቦውን አዞረችውና ከሁለተኛው ጋር ገጠመችው። ቡናማው ከቡናማው ጋር ያለ ክፍተት ገጠመ።

ከውጭ ወደ አዳራሹ የሚሄዱ ሰዎች ሳቅ ይሰማል።

«ከአመዱ በላይ ያለውን የክቦቹን ጭቃ ለኪልኝ፤» አለች አክስቷ። «ውሃው ስንት ዓመት እንደተኛበት ስንጠየቅ መናገር አለብን።»

ፌንጣ ማስመሪያውን አነሣች። ዜሮውን አመዱ ላይ አድርጋ፣ ግራጫው ጭቃ አልቆ ቡናማው እስከሚጀምርበት ድረስ ለካች። እርግጠኛ ለመሆን ደግማ ለካችው። ከዚያ እርሳሷን ይዛ፣ ወረቀቱ ላይ ነጭ በቀረው ቦታ ጻፈችው፤ አሥራ አንድ ሴንቲሜትር።